እናቴ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበት በረንዳ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ማይክ ከያዝኩ ለመልቀቅ እንደማስቸግር ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ስሙ ይባረክ!

የምኖረው እዚሁ ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ነው፤ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ያኔ ቸርች የምመጣው ለባሌ ለግርማ ብዬ ነበር። እሱ ሲዘምር እኔ ሰዓት አያለሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው!

አንድ ማክሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ራሴን ከኋላ ጨምድዶ ያዘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዶክተሩ ጭንቅላቴን አስመርምሮ «ምንም የለም፤ ስትረስ ነው» አለኝ። «ምንም ከሌለ ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። ነርሷ ሰውነት የሚያፍታታ ልምምድ ያለበት ካሴት ሰጠችኝ።

ደግሞ የሰዉ ነገር አስፈራኝ። የቸርቹ ኪችን ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ቤቴ መጥተው እጄን ይዘው ዝም ብለው ያዩኛል። ደሴ፣ እናቴ ጋ ልደውል ስል ግርማ «መስመሩ አይሠራም» ይላል። በቃ፣ ክፉ በሽታ ይዞኝ ደብቀውኛል፣ ልሞት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሶ፣ ከሥራ መልስ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ካሴቱን እሰማለሁ። ሰውዬው ረጋ ብሎ «የእግርሽን ጣቶች አጥብቂ፣ ልቀቂ። ትከሻሽን አጥብቂ፣ ልቀቂ። አሁን ሰላም ወደሚሰጥሽ ቦታ ሂጂ» ይላል። እኔም እናቴ በረንዳ ሄድኩ። እናቴ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ቀና አትልም። ከጎኗ ታናሽ ወንድሜ አበበ የሚቀመጥበት ዱካ ባዶ ነው።

በማግስቱም እንዲሁ። ቦታ ልቀይር ብዬ ባሕር ዳርቻ አሰብኩ፤ ወዲያው በረንዳው መጣ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ቀና ሳትል «ልጄ፣ እስካሁን አልነገሩሽም?» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ካሴቱ እኮ እንግሊዝኛ ነው! ዘልዬ ተነሳሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ፦ «ኢየሱስ ሆይ፣ ብሞትም ልሙት፤ እውነቱን ግን ንገረኝ!»

ያየሁትን ለግርማ ስነግረው ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ስልኩን ይዞ ባኞ ቤት ገባ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ በመስኮት ሳይ፣ ፓርኪንጉ ከካሮልተን እስከ ዴንተን ባለ የእኛ ሰው መኪና ተሞልቷል። መብራት አጥፍተው፣ ውስጥ ተቀምጠው፣ ያልደረሰውን ይጠብቃሉ። የእኛ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል! ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩት። «አበበ ነው?» አልኳቸው።

ሽማግሌያችን ጋሽ ወልዴ እንባቸው ወረደ። «እንዴት አወቅሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። የሞተበትን ቀን ጠየቅኳቸው። ያ ማክሰኞ ነው! አራት ወር ሙሉ «ራስ ምታቷ ሲሻላት እናረዳታለን» ብለው ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እኔ ደግሞ ካልተረዳሁ የማይሻለኝ!

ያኔውኑ ለቀቀኝ ብዬ እዚህ ቆሜ አልዋሽም። ሦስት ቀን ጮኼ አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ፀጉሬን ሳበጥር እጄ ራሴ ላይ ቆመ። ሕመሙ የለም። ሃሌሉያ! ወንድሜን አልመለሰልኝም፤ እኔን ግን መለሰኝ። ያን ቀን ጌታን ለባሌ ሳይሆን ለራሴ ተቀበልኩት።

አንዳንዶቻችሁ ካሴቱን «የክፉ መንፈስ አሠራር ነው፣ ጣይው» ብላችሁኛል። አልጣልኩትም። ዛሬም ትከሻዬን እያፍታታሁ በየትንፋሹ የጌታን ስም እጠራለሁ፤ ልቤም አደብ ገዝቷል። ባለፈው ሐሙስ በረንዳው ተመልሶ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አቅንታ ለብሳለች፤ ቀና ብላ አየችኝ። ተነስቼ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ነጠላሽን እንዴት ነው የለበስሽው?» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት ነው ያቀናሁት፤ ከሌንም አወለቅኩ። ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ማን እንደነገረኝ እኔ አውቃለሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን! ጋሽ ወልዴ፣ ፍቅር ነው ያስደበቀዎት፤ ይቅር ብያለሁ። የታመማችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ እሱ ከሽማግሌ ጋር ተማክሮ አይደብቃችሁም። የሰው መርዶ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ንገሩት። ጆሮው ባይሰማም ሥጋው ቀድሞ ሰምቷል።