ማኅተም ያልተቀበለው ኮምፒውተር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። መጀመሪያ ሚስቴ፤ በአረጋውያን መጦሪያ ዘጠኝ ዓመት የነርስ ረዳት ሆና የሠራች፣ ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትገባ። ቀጥሎ አባቷ፣ አማቴ፤ ደሴ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ ወጥተው እኛ ጋ የመጡ፣ እዚህ ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ የሆኑ። ሦስተኛዋ ልጄ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እዚሁ አገር የተወለደች። አራተኛው እኔ፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ኮምፒውተርን ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ፣ በዚያም ከሚገባው በላይ የምኮራ ሰው።

ቤታችን ከአገራችን ርቆ፣ ዋይሊ በምትባል ከተማ ነው። ኮምፒውተሩ ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ነው። ኢንተርኔት ሁላችንም በስልካችን ስለምንጠቀም፣ ባለፈው ዓመት ከአማቴ በቀር የሚነካው አልነበረም። እሳቸው የእድሩን ቃለ ጉባኤ ይጽፉበታል፣ ያትሙበታል። በቤቴ ደንብ አለ፦ ፓስዎርዱን ልጅ አይዘውም። ለአማቴ ግን በወረቀት ጽፌ፣ በሁለት እጄ ነው የሰጠኋቸው።

ሚስቴ ለነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዝግባ ነበር። ፈተናው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በካሜራ እየታዩ የሚወሰድ ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይፈቅዳል። የመጀመሪያውን በሦስት ነጥብ ወድቃለች። ሁለተኛው ለቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተቀጥሯል። ይህ ካመለጣት ሌላ አንድ ዓመት ከባድ ሰው ከአልጋ ስታነሳና ስታገላብጥ ታድራለች፤ ወገቧ ደግሞ ያንን ዓመት እንደማይችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የፈተናው ፕሮግራም በአሮጌ ሲስተም ላይ አይጫንም። ሰኞ ጠዋት ከሥራ እንደገባች፣ "አፕግሬድ አድርግልኝ" አለችኝ።

"ይሄማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" አልኳት።

አፕዴቱ ማውረድ ይጀምርና ይቆማል። ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት የስህተት መልእክት ያወጣል። እንደገና ሳስጀምረው ያንኑ ያወጣል። ድረ ገጽ ልክፈት ብል ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም የሚል ቀይ ምልክት ይመጣል። ከስሩ፣ ሰዓትህ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል የሚል መስመር ነበረ። እኔ ጽሑፍ የማልዘል ሰው ነኝ፤ አንብቤዋለሁ። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ደቂቃ ከስልኬ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ቀኑን ደግሞ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእድሩ ካላንደር ጋር አስተያየሁ፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መስመር አልተመለስኩም። ያጣራሁት ነገር ነውና።

ቫይረስ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቫይረስ ደግሞ በእግሩ አይመጣም። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባች ጠራኋት።

"ምን ዳውንሎድ አደረግሽበት?"

"ምንም። ፓስዎርዱን እኮ አላውቅም፣ አባዬ።"

"ሳያውቁ የሚገቡ ልጆች አሉ።"

"እነሱ ሀከር ናቸው። እኔ ቫዮሊን ነው የምጫወተው።"

ቀልዱ ንቀት መሰለኝ። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ጋር ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነበር። "አትሄጂም" አልኳት።

"ዲፖዚት ተከፍሏል እኮ!"

"እውነቱን ስትናገሪ ትሄጃለሽ።"

"ተናገርኩ እኮ። ማለቴ... ሌላ እውነት የለኝም።"

አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። አንድ አባት ልጁን ሲቆጣ መሐል መግባት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው።

ማክሰኞ ሜሞሪ ገዝቼ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አርሊንግተን ድረስ ነድቼ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሐሙስ ከሥራ ቀረሁ። አሮጌውን ዲስክ ፈታሁ፣ አዲሱን ገጠምኩ፣ ሲስተሙን ከፍላሽ ላይ እንደ አዲስ ጫንኩ። በንጹሕ ቤት ላይ ንጹሕ ሲስተም። ከዚያ አፕዴቱን አስጀመርኩ።

ያው ቁጥር ወጣ። ያው ፊደል።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስህተት የሚመጣው ከሆነ ቦታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ቦታውን ካወጣኸው ስህተቱ አብሮ ይወጣል። ይሄኛው ግን ቤቱ ፈርሶ ሲሠራ እንኳ አልወጣም። በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር አወቅሁ። አንደኛው፣ ይህ ማሽን እኔ የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ነው። ሁለተኛው፣ ልጄ ምንም እንዳላጠፋች፤ ጣቷ ያልነካው ባዶ ዲስክ መሰክሮላታልና። አውቶቡሱ ግን ጠዋት ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ቃል አልነገርኳትም። እራት ላይም ዝም አልኩ። ጥፋት ያለበት ሰው ዝም ሲል ጨዋ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ዝምታን ብዙ ጊዜ የማላምነው፣ የራሴንም ጭምር።

አማቴ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ብቅ አሉ። "ቃለ ጉባኤዬ ያለበት ዲስክ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው አባባ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።"

"ካልሲው የታጠበ ነው?"

"የታጠበ ነው።"

"ይሁና" ብለው ሄዱ።

ሚስቴ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። "አዲስ ላፕቶፕ እንግዛ።"

"ነገ ይሠራል።"

"ሰኞም ነገ ብለሃል" አለች፤ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ተመልሳ ስትገባ እዚያው ወንበር ላይ አገኘችኝ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላዬ ቆመች።

"ምን ይላል?"

"ያው ነው።"

"ጠይቀኸዋል?"

"ምኑን?"

"እኛ ጋ ሰው ግራ ተጋብቶ ሲገባ፣ ማንም መድኃኒት ሳይሰጠው በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። ስምህ ማነው፣ ያለኸው የት ነው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው። አንተ አራት ቀን ሙሉ ሆዱን ስትቀድ ነው የሰነበትከው።"

ሳቅሁ። የድካም ሳቅ ነው። "ቀኑን አጣርቻለሁ።"

"እስኪ አንብብልኝ።"

"ስድስት፣ ሃያ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።"

"ስድስት ምንድን ነው?"

"የካቲት ነዋ።"

"ለማን?"

ቀና ብዬ ካላንደሩን አየሁ። ዓርብ፣ የካቲት ሃያ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ካላንደሩ ያንን ይላል፣ እኔም ያንን እላለሁ፣ ቤታችን በሙሉ በዚያ ቀን ውስጥ ይኖራል። ለኮምፒውተሩ ግን ስድስተኛው ወር ጁን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ጁንም ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ሳምንት ያንን ቀን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ገና በሩ ላይ ሆኖ ያየው ነበር። እኔ ግን ስህተቱ የራሴ ቀን ስለነበረ አላየሁትም።

"ማን ነው ይሄን የነካው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ ከሶፋው። "ተሳስቶ ነበር፤ አስተካከልኩት።"

"ማን ነው የተሳሳተው አባባ?"

"ኮምፒውተሩ። ሰባት ዓመት ቀድሞ ነበር። መስከረም ላይ ነው ያየሁት።"

ሚስቴ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። "አባባ፣ ለምን ነካኩት?"

"ቃለ ጉባኤው አናት ላይ ቀኑን ራሱ ነው የሚጽፈው። እኔ የሞተ ሰው ያረፈበትን ቀን በማላውቀው አቆጣጠር አላትምም። አርባው ከዚያ ነው የሚቆጠር፣ ሙት ዓመቱ ከዚያ ነው የሚቆጠር። የተሳሳተ ቀን ካተምኩ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው። ግን አስቸጋሪ ነው። አንዳንዱን ወር ሠላሳ አንድ ሊያደርግብኝ ይሞክራል። በየወሩ መባቻ አርመዋለሁ። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳንማ ጨርሶ አልቀበልም አለኝ።"

"ጳጉሜ ሲመጣ ምን ሊያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ጳጉሜንማ ላጠፋው አስቤ ነበር። አምስት ቀን ቢያርፍ ምን ይለዋል?"

ሚስቴ ግድግዳውን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ መሳቅ አቅቶኝ ሳይሆን መደነቅ ቀድሞኝ ነው። እኚህ አረጋዊ፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ አንድን ግትር ማሽን ስድስት ወር ሙሉ በአንድ እጃቸው ይዘው በእኛ ዘመን ውስጥ አኑረውታል። አራት ቀን ሙሉ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም። ልጄን ግን በመጀመሪያው ቀን ጠይቄአታለሁ፣ ፈርጄባታለሁም። ማን እንደሚጠየቅና ማን እንደማይጠየቅ የወሰንኩት እኔው ነኝ።

የማሽኑንም ነገር ያኔ ነው የተረዳሁት። እያንዳንዱ አፕዴት ማኅተም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማኅተሙ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና ነው የሚል አለበት። የእኛ ኮምፒውተር በራሱ ቆጠራ ገና ከስምንት ዓመት በፊት ነው ያለው። የሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ ባልደረሰ ዓመት የታተመ ነው። ስለዚህ በር ላይ መለሰው። ዲስኩን ብቀይርም ቀኑ ያለው ውስጡ ባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል ባትሪ ተይዞ ስለሆነ አብሮ አልተቀየረም። አራት ቀን ሙሉ ተበላሽቷል እያልኩ የሰደብኩት ዕቃ፣ የተነገረውን ቀን አምኖ፣ ከዚያ ቀን ጋር የማይስማማውን ሁሉ እምቢ በማለት ሥራውን በትክክል ሲሠራ ነበር። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን በሩን ከፍቼ አስገባ ነበር።

አሮጌውን ዲስክ ከካልሲው አውጥቼ መልሼ ገጠምኩ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረምና። ከዚያ ቀኑን አስተካከልኩ። ወር፣ ቀን፣ ዓመት። ቀይ ምልክቱ ጠፋ። አፕዴቱን ስነካው ቆጣሪው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ከመቶ፣ ሁለት ከመቶ። ለአራት ቀን በሩ ላይ ቆመው የነበሩ መልእክተኞች ሁሉ ተራ በተራ የገቡ መሰለኝ። በዓለም ላይ ያሉ ማሽኖች ሁሉ፣ የማይተዋወቁት ሁሉ፣ አንዲት ደቂቃን አንድ ላይ ይዘው የቆሙ ናቸው፤ የእኛው ብቻ ከሰልፉ ወጥቶ ነበር፣ አሁን ገባ። አማቴ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። "ተቀበለ?" አሉ ቀስ ብለው። "ተቀበለ አባባ" አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር የተነጋገርነው።

ሚስቴ የዓርብን ሌሊት ሥራ አስቀርታ ተኛች። ሲስተሙ እስከ ማታ ድረስ ሲወርድና ሲጫን ዋለ። የፈተናው ፕሮግራም ሲከፈት ልጄን ጠራኋት። ከእናቷና ከአያቷ ፊት ነው የጠራኋት፤ የወቀስኳትም ከሰው ፊት ስለነበር።

"አላጠፋሽም" አልኳት። "ሐሙስ ዕለት አውቄው ነበር። ያኔ አልነገርኩሽም።"

"ሐሙስ አውቀህ ነበር?"

"አዎ።"

ጉዞዋን ያስቀረው ሰኞ ያልኩት ነው፤ ያመማት ግን የሐሙሱ ነው። ፊቷ ላይ አየሁት። "ኦኬ" አለች። "ሶሪ በል ግን። ሶሪ አላልክም እኮ።"

በቤቴ ልጅ አባቱን አያዝም። "ይቅርታ" አልኳት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሚስቴ ገብታ የኮምፒውተሩ ክፍል ተዘጋ። ሦስታችን ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ በሩ ተከፈተና ሚስቴ ወጣች።  በጣቷ ወደ ስክሪኑ አመለከተች። ማለፊያው ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ጨምራለች። አማቴ ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ፤ ልጄ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ስክሪኑን ቆሜ አነበብኩት፤ ስሟን፣ ውጤቷን፣ ከስሩም ቀኑን።

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም ያወጣውን እንዲናገር ጠየቅሁ፤ ግትርነት ዋጋው ሲታወቅ ነው የሚያፍረው ብዬ ስለማምን። እኔ ለሜሞሪው ሃምሳ አራት ዶላር፣ ማሸጊያው ስለተቀደደ ለማይመለሰው ዲስክ ሰባ ዘጠኝ፣ ከሥራ ለቀረሁበት ቀን መቶ ዘጠና። ልጄ የማይመለስ የጉዞ ዲፖዚት ስልሳ። ሚስቴ ላስቀረችው ሌሊት መቶ ሃምሳ ስድስት። አማቴ ደግሞ ከእንግዲህ ማሽኑ በራሱ ቀን፣ ቃለ ጉባኤውም በራሱ ቀን ይኑር ብለው ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ገዝተዋል፤ ሰባት ዶላር። ድምሩ አምስት መቶ አርባ ስድስት ዶላር ሆነ።