በአሸዋ ላይ ቀዘፋ

በ1948 ዓ.ም. በጋ፣ በደረቀው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ አንድ የማላውቀው ሰው የጣውላ ሳጥን ውስጥ ቆሞ አየሁ። ማዕተቡ ላይ የሴት ቀለበት ተንጠልጥሏል። በላብ ተጠምቆ አንድ ረጅም መቅዘፊያ ከኋላው ግራና ቀኝ ያመላልሳል። ጅቡቲ ወደብ በጀልባ ሥራ ያረጁት፣ ሁላችንም «አዴር»፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ሶማሌው ዒልሚ አጠገቡ ተቀምጠው፣ «አትግፋው አቦ! እንደ ዓሣ ጭራ አወዛውዘው» ይሉታል።

ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጅቡቲ ጀልባ መቅዘፍ እችላለሁ ብዬ ተቀጠርኩ። ባቡሩ ነገ ጠዋት ነው። እኔ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም።»

«ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?» አሉት ሽማግሌው።

መቅዘፊያው እጁ ላይ ቆመ። «እሱን ለመማር ጊዜ የለኝም፣ አዴር።»

ሽማግሌው ተነሥተው ከኋላው ቆሙና ሁለት እጆቹን ይዘው ቀዘፋውን ከመጀመሪያው ጀመሩለት።