ስልኩን ቀድማ ዘጋች

የኮሮናው ዓመት እንደገባ ማዳሜ አልጋዬን ወሰደችብኝ። በቀልድ ነው የምለው፤ ግን እውነትም ነው። ሳልዋ በሚባል የአረብ አገር ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሰፊ ቪላ ሲሆን የእኔ ክፍል ጓሮ ነበር፤ ከኩሽናው በር ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የራሱ በርና የራሱ መታጠቢያ ያለው። ማዳም ነርስ ነበረች፤ የምትሠራውም በሽታው የጸናባቸው ሰዎች በተኙበት ክፍል ነው። ከደዋም፣ ማለትም ከሥራ፣ ስትመለስ ባሏንና ልጇን እንዳታስይዝ ብላ የእኔን ክፍል መረጠች። እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ ከአራት ዓመት ልጇ ጋር እንድተኛ ተደረገ።

የአገሩ ተወላጅ ሆና ነርስነትን የመረጠች ሴት ብዙ አላየሁም። አማቷ ሙባረክ አል-ከቢር ሰፈር ካለው ቤታቸው በመጡ ቁጥር፣ "ይህ የሕንዶችና የፊሊፒኖዎች ሥራ ነው፤ አንቺ ምን ጎደለሽ?" ይሏት ነበር። እሷ ሻይ ትቀዳላቸውና የደም ግፊታቸውን ትለካለች። መልሷ ያ ብቻ ነበር።

ክፍሌ በገባች በሦስተኛው ቀን ኤሲውን አስቀየረች። አራት ዓመት ሙሉ፣ "ማዳም፣ ኤሲው ሙቀት ነው የሚተፋው" ስላት "ኢንሻአላህ" ስትለኝ ኖራለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት። ምግቧን ይዤ ስሄድ ግን ከማስኩ በላይ ዓይኔን አየችው መሰለኝ፣ "ሳቂ፣ ሳቂ፤ ሐቅሽ ነው" አለችኝ።

የጨነቃት ሙቀቱ አልነበረም፤ ልጇ ነበረች። ሁልጊዜ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ልጅቷን ኩሽና ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጠብቃታለሁ። ማዳም ገና ፊቷን ስታይ እንባዋ ይቀድማታል። "ሐቢብቲ፣ ናፈቅኩሽ? እማዬን ትወጃታለሽ?" ትላታለች። ትንሿ መጀመሪያ አብራ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ፊቷን ማዞር ጀመረች። ከዚያ ስልኩ ሲጮኽ ጠረጴዛ ሥር መግባት። አንድ ቀን "ላ! አልፈልግም!" ብላ ጮኸችና ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀበረች። እውነቱን ልናገር፤ ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። የእኔ ልጅ ኮምቦልቻ እናቴ ጋር እያደገች ስልክ አልይዝም ባለችኝ ጊዜ ለእኔ ማን አዘነ? ይህን ባሰበ ልቤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

በዚያው ቀን ምግቧን ሳደርስ ማዳም በሩ ላይ በርጩማዬን አውጥታ ተቀምጣለች። ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"ሃያ እርምጃ ነው ያለው" አለችኝ። "ሃያ እርምጃ ላይ ሆኜ ልጄ ጠፋችብኝ። አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው?"

በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ልጄ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ቂሜን ላስታውሳት አሰብኩና የፊቷን መጎሳቆል ሳይ ተውኩት። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ የማውቀውን ነገርኳት።

"ናፈቅኩሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂያት። ትንሽ ልጅ ለዚህ መልስ የላትም፤ መልስ ሲጠፋት ትሸሻለች። ምን በላሽ በያት። ከዚያ ሥራ ስጫት፤ አንድ ነገር ፈልጊልኝ በያት፣ አምጥታ ታሳይሽ። ለቅሶሽን ለኋላ አቆይው። ደግሞ ሳትሰለች፣ ገና እየሳቀች፣ ቀድመሽ አንቺ ዝጊው። እሷ ከቀደመችሽ ነገ አትመጣም።"

"የመጨረሻው ይከብዳል" አለች።

"ዋናው እሱ ነው" አልኳት። እንደ አለቃ ነበር የተናገርኩት።

በማግስቱ ደወለች። ትንሿ ጠረጴዛው ሥር ናት። "ምን በላሽ?" አለቻት፤ ድምጿ ቢንቀጠቀጥም አላለቀሰችም። ከሥር "ሩዝ" የሚል መጣ። "ነጩን ነው?" ስትላት ልጅቷ ተናዳ ብቅ አለች፤ የድስቱ ቂጥ ላይ ያረረውን ካልሆነ ሩዝ እንደማትበላ እናቷ እንዴት ይጠፋታል? ተከራከሩ። ሁለቱም ሳቁ። ማዳምም ስልኩን ዘጋችው። ሳምንት ሳይሞላ ትንሿ ዐስር ሳይደርስ ወንበሯን እየጎተተች ስልኩ ፊት መቀመጥ ጀመረች።

ባሏንም አልተወችውም። ስኳር አለበትና እግሩን ሳታይ አትውልም ነበር። ያ የሚያህል ሰውዬ ጓሮ ወጥቶ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ፣ በአንድ እግሩ እየተንገዳገደ ሌላውን ወደ መስኮቷ ያነሳላታል። እሷ በመስታወቱ ውስጥ ጣት በጣት ትመረምረዋለች። "ከፍ አድርገው፤ አሁን ደግሞ ተረከዙን" ስትለው እኔ ከኩሽና እስቃለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ስልኩ ላይ የታየችኝ ግን አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን የተደረገላት የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ሱራ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ገና አረብኛ ያልገባት። "ምግብ እየመለሰች ነው፤ ተስፋ ቆርጣ መሰለኝ። አነጋግሪልኝ" አለችኝ ማዳም ከጎን። "ምን በላሽ ብለሽ ጀምሪ።" ትምህርቴ ወደ እኔው ተመለሰ። ልጅቷ ምንም እንዳልበላች ነገረችኝ፤ ክርስቲያን ናት፣ ዐቢይ ጾም ነው፣ የሚመጣላት ሁሉ ዶሮ ነው። ለማን ብላ ትናገር? የወሎ ልጅ ጾም ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ለማዳም አስረዳኋት። ከዚያ ጀምሮ ምስር በዘይት እየሠራሁ ማዳም ወደ ሥራ ስትሄድ ትወስድላት ነበር። ልጅቷ ፋሲካን በእግሯ ቆማ አከበረች።

ከዚያ ተራው የማዳም ሆነ። ሙቀቱ በበረታበት ወር ትኩሳት ያዛት። "ቀላል ነው" አለችን በመስኮቱ፤ ነርስ ስትዋሽ ደግሞ ታሳምናለች። በአምስተኛው ቀን አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። የምትሠራበት ክፍል ውስጥ፣ በምታውቃቸው አልጋዎች በአንዱ አስተኟት።

በየቀኑ ዐስር ላይ መደወሏን ግን አልተወችም። ስልኩን የምትይዝላት የሥራ ጓደኛዋ ነበረች፤ ማዳም ራሷ ለስንቱ በሽተኛ እንደያዘችው ሁሉ። በመጨረሻው ቀን ድምጿ ከኦክስጅኑ ሥር ተቆራርጦ ነበር የሚመጣው።

"ምን በላሽ?"

"ያረረውን!"

"የሥራ ጫማዬን... ነጩን... ፈልጊልኝ። ቆሽሿል ወይ?"

ትንሿ ሮጠች። እናቷን ፊት ለፊት አየኋት። እሷ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ልጅቷ ጫማውን እግሯ ላይ አድርጋ፣ እየተጎተተች፣ እንደ ትልቅ ሰው እጇን ወገቧ ላይ ይዛ ተመለሰች። "ቆሽሿል!" አለች። ማዳም ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ። "ጥረጊልኝ፤ ነገ አሳዪኝ" አለች። ትንሿ ገና እየሳቀች ሳለ ስልኩ ተዘጋ።

"መልሰሽ ደውዪላት" አለችኝ።

"ነገ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ኩሽና ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያይ ነበር። ያኔ ገባኝ።

አባቷ የሚነግርበትን ቃል ሳያገኝ ዐስር ደረሰ። ትንሿ የተጠረገውን ጫማ ታቅፋ፣ ወንበሯን ጎትታ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ያን ቀድመሽ ዝጊ ያልኩትን አፌን ረገምኩት። ማዳም ሕጌን ባታከብር ኖሮ ጥቂት ደቂቃ ትተርፋቸው ነበር። መለስ ብዬ ደግሞ ለልጅቷ የቀረላት የእናቷ ሳቅ ነው እላለሁ። ዛሬም አልቆረጠልኝም።

ከሐዘኑ በኋላ መጀመሪያ ለልጄ የደወልኩ ቀን ምን በላሽ አልኳት፤ ነገረችኝ። ሥራ ሰጠኋት፤ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ፤ ሳቅን። የምዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ጣቴ እምቢ አለኝ።

"እማ፣ አትዘጊም እንዴ?" አለችኝ፤ ልማዴን ታውቃለች።

"ዛሬ አንቺ ዝጊው" አልኳት።

አልዘጋችውም። ስልኩን ምንጣፉ ላይ ትታ ልትጫወት ሄደች። የእናቴን ቤት ኮርኒስ እያየሁ፣ ድምጿን ከሩቅ እየሰማሁ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ያዝኩት።