ከሱቄ ደጃፍ የነበረው ሶሌታ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ እዚሁ ቦንጋ ውስጥ ነው። ሐምሌ ለኛ ለነጋዴዎች የግብር ወር ነው፤ የዝናብም ወር ነው። የዚያን ዓመቱን ሐምሌ ግን የማስታውሰው በሌላ ነገር ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ ስለሚያውቀው የሚወራለት ሰው የለም።

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቱቦ እሸጣለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈተው ሱቅ ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ካፊኖኖም አማርኛም እኩል ነው የምናገረው። ሰው የሚያውቀኝም በሱቄ ሳይሆን በአፌ ነው። ስብሰባ ላይ ማይክ ከያዝኩ አለቅም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተካ፣ "ነስሩ እጁን ካወጣ ምሳ ዘገየ ማለት ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ልክ ናቸው። ግን የሚያናግር ነገር ሞልቷል እኮ። የንግድ ግብሩ አለ፣ የፈቃድ እድሳቱ አለ፣ የቦታው አለ፣ የጽዳቱ አለ። ከዚያ ደግሞ ሳይታሰብ ዱብ የሚል መዋጮ አለ። አንዱን ደረሰኝ አጥፌ ኪሴ ሳልከት ሌላው ይደርሳል። አልከፍልም ብዬ አላውቅም፤ እከፍላለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የከፈልኩበትን አሳዩኝ። ይሄ ነውር አለው? ያኔም አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም።

ያን ዓመት የያዝኩት አጀንዳ የቦይ ጉዳይ ነበር።

ከሱቄ ከፍ ብሎ የእትዬ በላይነሽ ቤት አለ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ግቢያቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። የኋላውን ክፍል ለአንድ አስተማሪ አከራይተው በኪራዩ ነበር የሚኖሩት፤ ሌላ ገቢ የላቸውም። ያን ክረምት ዝናብ በመጣ ቁጥር የመንገዱ ቦይ እየሞላ ውሃው ግቢያቸው ይገባ ጀመር። ቤቱን ዞሮ ከኋላው ክፍል ግድግዳ ሥር ይተኛል። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ምርጊቱ ከሥር እየረገፈ እንጨቱ መታየት ጀምሯል። አንድ ቀን ወስደው አሳዩኝና፣ "ነስሩ፣ ይሄ ቢችል አንድ ሁለት ዝናብ ነው። ክፍሉ ከሄደ እኔም ሄድኩ" አሉኝ።

አንጀቴን በሉት፣ እውነቴን ነው። በዚያው ቀን "ቦዩ ባለመጠረጉ የጎረቤታችን ቤት ሊፈርስ ነው" የሚል አቤቱታ ጽፌ ሰፈሩን ዞርኩ። ከላይ እስከ ታች አስፈረምኩ። እምቢ ያለኝ የለም። ቀና ብሎ ዓይኔን ያየም የለም። ያኔ ከቁብ አልቆጠርኩትም፤ የሚፈርም ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው ብዬ።

አሁን ስለ ሶሌታው ልናገር። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው ድንጋይ ነው። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር መቁጠር ይቀላል። ድሮ አይሱዙው መንገድ ዳር ይቆምና ተሸካሚዎቹ ሲሚንቶውን ይዘው ቦዩን እየዘለሉ ያስገቡ ነበር። ስንቱ ረጥቦ ተጥሏል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቦዩን የሚከድን የኮንክሪት ሶሌታ አስሞላሁበት። መኪናው የኋሊት መጥቶ፣ ሶሌታው ላይ ወጥቶ፣ ከበረንዳዬ ሥር ይገባል። አንድ ጠብታ ሳይነካው ይራገፋል። ውሃው እንዲያልፍ ከሥሩ ቱቦ አስቀብሬያለሁ። ግንበኛው "ጋሼ፣ ይሄ ቱቦ ጠበበ" ብሎኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ ገዢ ያጣ ቱቦ ስለነበረኝ፣ "ያሳልፋል፣ ቅበረው" አልኩት።

ለሰፈሩም ጠቅሟል። ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ልቅሶ ሲኖር የእድሩ ድንኳን እዚያ ላይ ይተከላል፤ ከጭቃ የተረፈ ሌላ ቦታ የለማ። ከሶሌታው በታች ያለው ቦይ ደግሞ ሁልጊዜ ደረቅ ነበር። "የኔን ደጅ እዩት፣ ንጹህ ነው። የተበላሸው ከላይ ነው" እያልኩ ለሰው አሳይ ነበር። በሐምሌ ዝናብ ቦይ ለምን ይደርቃል ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው የማይፈልገውን ነገር አይጠይቅም።

የግብር ከፋዮች ስብሰባ ተጠራ። እትዬ በላይነሽን ይዣቸው ሄድኩ። እጄን አወጣሁ፣ ማይኩ መጣልኝ። "ግብር ክፈሉ ስትሉን ቤታችንን ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲገባብን ግን የት እንደምንኖር ይጠፋችኋል" አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ በላይነሽን አስነሳኋቸው። "እኚህ እናት ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው" አልኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙና አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ "ነገ መሐንዲስ እንልካለን" አሉ። ነገ የምትባለውን ስለምናውቃት ሰው ሳቀ።

መሐንዲሷ ግን በነጋታው መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ደብተር ይዛ። ሰፈሩ ወጣ። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ አስጎበኛታለሁ። የእትዬ በላይነሽን ግድግዳ አየች፣ ግቢውን አየች። ከዚያ ቦዩን ይዛ ቁልቁል ወረደች። ሱቄ ደጃፍ ስትደርስ ቆመችና ረጅም ብረት ጠየቀች። ከሱቅ አንድ ፌሮ አውጥቼ በገዛ እጄ ሰጠኋት።

ጎንበስ ብላ ቱቦው ውስጥ ከተተችው። አንድ ክንድ ያህል ገባና ቆመ። ገፋችው፤ አልሄደም። ስታወጣው ፌስታልና የቡና ገለባ ተጠምጥሞበት ወጣ።

ያኔ ገባኝ። ውሃውን እትዬ በላይነሽ ቤት የላክሁት እኔ ነበርኩ። 

ልጅቷ ቀና ብላ "ይሄ ሶሌታ የማን ነው?" አለች።

ጋሽ ተካ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንዱ ጫማውን ከጭቃ ይጠርጋል። ሁሉም ያውቃል። ለካ አቤቱታዬን ሲፈርሙም ያውቁ ነበር። ሰፈራችን እንዲህ ነው፤ ጎረቤቱን ለቢሮ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ቅሬታ ካለው እድር ላይ ያነሳዋል እንጂ ደብተር ለያዘ እንግዳ አይናገርም።

"ባለቤት ካለው በሦስት ቀን ውስጥ ያፈርሳል፣ ይቀጣልም" አለች ልጅቷ። "ባለቤት ከሌለው የምናፈርሰው እኛ ነን። እሱ ደግሞ ፕላን ውስጥ መግባት አለበት፣ በጀት ይጠብቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚሆነው።"

አፌን ከፈትኩ። ሲሚንቶው ትዝ አለኝ። የአዳራሹ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። መልሼ ዘጋሁት።

የተናገሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሲናደዱ ወደ ካፊኖኖ ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ረጋ ብለው፣ "የኛ ነው ልጄ። የሰፈሩ ነው። ልቅሶ ሲኖር ድንኳን እንተክልበታለን" አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ልጅቷን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ልጅቷ ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ስብሰባው ላይ የተናገሩት እርስዎ ነዎት አይደል? የሚጨምሩት አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኩ።

በዕድሜዬ የሚጨምሩት አለ ተብዬ የለም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገራችሁ። በማግስቱ ገና ሰው ሳይወጣ ፌሮውን ይዤ ቱቦውን ጎረጎርኩት። ንቅንቅ አላለም። ቢዘንብም ትንሽ ነው አልኩ። ክረምቱ ሲያባራ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሳያይ አፈርሰዋለሁ አልኩ። ደግሞም ሐሙስ ሲሚንቶ ይገባልኛል፤ እሱ ይውረድና አልኩ። እትዬ በላይነሽ በሱቄ በር ሲያልፉ እንደወትሮው "እንዴት ዋልክ" ይሉኛል። እኔም ቀና ሳልል "ይመስገን" እላለሁ።

ሐሙስ ሲሚንቶው ገባ። አንድ ጠብታ አልነካውም።

ዓርብ ከጁምዓ ተመልሼ ሱቅ እንደከፈትኩ ዝናቡ መጣ። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ሥር ሆነህ ጎንህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም። ትንሽ ቆይቶ አስተማሪው ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ በሱቄ ፊት ሲያልፍ አየሁት። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ግድግዳው ወደቀ" አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ሮጬ ሄድኩ። የኋላው ክፍል ግድግዳ ወደ ውጭ ተኝቷል። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ጭቃው ላይ ተበትኗል። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። እትዬ በላይነሽ ውሃ ውስጥ ቆመው በባልዲ እየቀዱ ይደፋሉ። አላለቀሱም፣ አልተራገሙም። ሲያዩኝም መቅዳታቸውን አላቆሙም።

እዚያ መቆም አልቻልኩም። ተመልሼ ከሱቅ ማርቴሎ አወጣሁና ዝናቡ ላይ ሶሌታውን መደብደብ ጀመርኩ። አይሱዙ ሲወጣበት የኖረ ነገር በቀላሉ አይበገርም። እጄ ተላጠ። ጋሽ ተካ አካፋ ይዘው መጡ፤ ፍርስራሹን ማውጣት ያዙ። ከዚያ ሌሎችም መጡ። አመሻሹ ላይ ቱቦው ተሰበረ። ታፍኖ የከረመው ውሃ ፌስታሉን፣ ገለባውን፣ አንድ ጎን የልጅ ጫማ ይዞ ቁልቁል ሄደ። በሩብ ሰዓት የእትዬ በላይነሽ ግቢ ጎደለ። ያን ማድረግ የምችልበትን ሳምንት ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አሳልፌዋለሁ።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ልጅቷን አገኘኋትና "ሶሌታው የኔ ነበር" አልኳት።

"ከበረንዳዎ ጋር የተያያዘ ነው እኮ፣ መች ጠፋኝ" አለች። "ግን ሰዎቹ የኛ ነው ካሉ፣ እርስዎም የሚጨምሩት ከሌለ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"

ቅጣቱን ጻፈችልኝ። ከፈልኩ። ሳልከራከር የተቀበልኩት ደረሰኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄድኩና ግድግዳውን በብሎኬት እንደማሠራ ነገርኳቸው። ተወው፣ አትቸገር ይሉኛል ብዬ ነበር። "ባለ አሥራ አምስት ሳንቲሙ ይሁን፣ ባለ አሥሩ ስስ ነው" አሉኝ። ባለ አሥራ አምስቱ ሆነ። አስተማሪው ግን ሌላ ቤት ይዞ ስለነበር አልተመለሰም። ክፍሉ እስከ ጥቅምት ባዶውን ከረመ። ያን ጊዜ እንዴት እንደኖሩ አልነገሩኝም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አልነበረኝም።

ልስኑ ያለቀ ቀን ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ ያን ቀን ለምን የኛ ነው አሉ? ቤትዎ እየፈረሰ?"

እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። "አንተ የኔ ነው እንድትል ነዋ" አሉ። "እኔ ጎረቤቴን ለመንግሥት ሰው አልከስም። አንተ ግን አፍ አለህ፣ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው። ጠበቅኩህ። እስከ ዓርብ ጠበቅኩህ።"

ውሃውን ተቀብዬ እጃቸውን አስታጠብኳቸው።

ዛሬ ሲሚንቶ ሲመጣ ቦዩ ላይ ሁለት ሳንቃ አጋድማለሁ፤ ሲራገፍ አነሳዋለሁ። የሚረጥበውም ይረጥባል። ስብሰባም እሄዳለሁ፣ ስለ ግብሩም እናገራለሁ። ያልኩት ስህተት ነበር አልልም፤ የሚከፍል ሰው መጠየቅ አለበት። እትዬ በላይነሽም አዲስ ተከራይ አግኝተዋል፤ ሰላምታቸውንም አልከለከሉኝም።

እኔ ግን ሳልጠየቅ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ተጠየቅኩ። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ የማን ነው ነበር። ግድግዳው ተሠርቷል፣ ቅጣቱም ተከፍሏል፣ ያ ዝምታዬ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።