በቀኜ በኩል

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰላም ሲሉኝ ዝም ብዬ እንደማልፍ ሰዎች ይነግሩኛል። እኔ ግን ሰላም ያለኝ ሰው መኖሩንም አላውቅም። ሰፈርተኛው «ሐዘኑ ገና አልወጣላትም» እያለ እስከ ተዝካሩ ታገሠኝ። ከተዝካሩ በኋላ ግን ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆማ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ምን በደልሁሽ? ደጋግሜ ጠራሁሽ እኮ! ንግሥት ሆንሽብን?» አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ግን ከልቧ ቅር ብሏታል።

እኔም ሐዘን ነው ብዬ ነበር። መራዊ ከተማ የምታስተምረው ልጄ ግን ነገሩን ስነግራት፣ «እማ፣ ሐዘንሽ ነው ወይስ ጆሮሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጆሮን በስልክ የሚፈትሽ መተግበሪያ አለ ብላ ሊንኩን በቴሌግራም ላከችልኝ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ ይላል። እኛ ሰፈር፣ ሹም አቦ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ! ባጃጁ አለ፣ ከጎን ያለው ብየዳ ቤት አለ። መስኮቱን ዘግቼ መኝታ ቤት ገባሁና ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ስክሪኑን መንካት ነው። በቀኝ ጆሮዬ እንደ ትንኝ ያለ ድምፅ መጣ፤ ነካሁ። እየቀጠነ ሄደ፤ ትንፋሼን ይዤ ተከተልሁት። ወደ ግራ ሲዞር ጸጥ አለ። ስልኩ የቆመ መስሎኝ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ግራ ጆሮዬ በደንብ እንደማይሰማና ሐኪም ማየት እንዳለብኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ።

አላመንሁም። ማዳመጫው ይሆናል የተበላሸው ብዬ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰካሁና እንደገና ጀመርሁ። አሁን ጸጥ ያለው ስልኩ «ቀኝ» ሲል ነው። ማዳመጫው ደህና ነው። ጆሮዬ ነው።

ለልጄ ደወልሁ። «አሁን ስልኩን በየትኛው ጆሮሽ ነው የያዝሽው?» አለችኝ። በቀኜ ነበር። በግራዬ ይዤው አላውቅም፤ ለምን እንደሆነም አስቤ አላውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትለኝ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። አመሻሽ ላይ ከሰፈራችን በታች ባለው ሐይቅ ዳር ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር። ስንሄድ ሐይቁ በግራችን ስለሚሆን፣ ከባጃጅ ሊከልለኝ ነው እል ነበር። ስንመለስ ግን መንገዱ በግራ ይሆናል፤ ያኔም እሱ በቀኜ ነው፣ በሐይቁ ዳር ጭቃ በኩል።

«አሁንማ ለባጃጁ ሰጠኸኝ!» እለዋለሁ።

«አንቺን የነካ ባጃጅ መች ይተርፋል?» ይለኛል። ቤት ሲደርስ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል።

አውቆ ኖሯል? ወይስ በግራዬ ሲያወራ መልስ እያጣ እግሩ በራሱ ለመደው? አውቆ ከሆነ ስንት ዓመት ነው ዝም ያለኝ? ልጄን ጠየቅኋት፤ እሷም አላስተዋለችም።

የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋት። አላመነችኝም። በግራዬ ዞራ አንሾካሾከች።

«ምን አልሁሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ስሰድብሽ ነበር!» ብላ ሳቀች።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አብረን ወደ ሐይቁ ወረድን። ስንመለስ በቀኜ እንድትሆንልኝ ለመንኋት። ጭቃውን አየች፤ እግሯን አየች።

«በዚህ? በአዲስ ጫማ?»

ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቀኜ ዞረች።