ሚሊፎኒ በነነዌ ሰኞ

ከሚስቴ እናት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተቀመጥኩት ፒያሳ፣ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቀኑንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ የሚወቀስ ሌላ ሰው የለም።

ያኔ ጎፋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ የቀለም ፋብሪካ በፈረቃ እሠራ ነበር። ሚስቴ፣ ማለቴ ያኔ ገና ሚስቴ ያልሆነችው ልጅ፣ እዚያው ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት አጥር ሥር ቆመን ስናወራ ከርመን እንጋባ ተባባልን። አባቷ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ የቀሩት እናቷ ናቸው። «እናቴ ሳታይህ ሽማግሌ ብትልክ፣ ሽማግሌዎችህ እንደቆሙ ነው የሚመለሱት» አለችኝ።

እኔን የጨነቀኝ መታየቱ አልነበረም። መልኬ ለክፉ አይሰጥም፤ ጫማዬንም ማስጠረግ አውቃለሁ። የጨነቀኝ ጴንጤ መሆኔ ነው። ወላጆቼ ከደቡብ የመጡ ናቸው፤ ወንጌል ያመኑት እዚያው አገራቸው ሳሉ ነው፤ እኔም በዚያው አደግሁ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጴንጤ በሁለት በኩል ነበር የሚመታው። መንግሥት የኢምፔሪያሊስት ተላላኪ ይለዋል፣ ጎረቤት ጸረ ማርያም ይለዋል። ልጅቷ ነገሬን ታውቃለች። እናቷ ግን አንዲት የጾም ቀን የማይዘነጉ፣ ለኪዳነ ምሕረት ጠበል ጸዲቅ የሚያወጡ ሴት ናቸው። ልጄን ለጴንጤ አልድርም ካሉ ነገሩ አበቃ፤ እናቷን አስቀይማ የምታገባ ልጅ አልነበረችም። ስለዚህ «መጀመሪያ ትውደድህ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እንነግራታለን» ብላ መከረችኝ፤ እኔም ብልህ ምክር መሰለኝ።

እንዲወዱኝ ያሰብኩት በኬክ ነው። ያ ኬክ ቤት በፈረንሳይ ኬኮቹ ስሙ የገነነ ነበር። ባለቤቱ ሙያውን ማርሴይ ተምሮ መጣ የሚሉ ነበሩ፤ የለም፣ ድሬዳዋ ከአንድ ግሪክ ነው የተማረው የሚሉም ነበሩ። እኛ ስኳር ለመውሰድ ቀበሌ ሱቅ ስንሰለፍ፣ እዚያ ቤት ኬኩ ላይ ስኳር እንደ ዱቄት ይነሰነሳል ይባል ነበር። እኔ ገብቼበት አላውቅም። የፋብሪካችን ሹፌር ግን ደንበኛ ስለነበር፣ የኬኮቹን ስም በየዕለቱ እያስጠናኝ ሰነበተ።

ቀን ስመርጥ ደግሞ ጥንቃቄዬ ለጉድ ነበር። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ይጾማሉ። ሁዳዴ ገና አልገባም። ሰኞ ለእኔ ዕረፍት ነው። ሰኞ የሚጾም ሰው ደግሞ የለም! በዚህ ብልጠቴ ራሴን አደነቅሁ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከጾመኛ ጎረቤት ጋር ኖሮ፣ ነነዌ የምትባል የሦስት ቀን ጾም ከሁዳዴ ቀደም ብላ ሰኞ እንደምትገባ እንዴት አይሰማም? እንጃ፣ ሰምቼም ይሆናል። አልያዝኳትም። ለማይጾም ሰው ምኑ ናት?

ልጅቷ ቀኑን ለእናቷ ስትነግር «ሰኞ? ይሁን» ብቻ አሏት። እሷም ነነዌ መሆኑ ትዝ ያላት ሰኞ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ቁርስ የሚባል ነገር ሲጠፋ ነው። እኔን ደግሞ በምን ታግኘኝ? እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ቤቴ ስልክ የለ፤ እሷም ወንደላጤ ቤት ብቻዋን አትመጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቤቱ ሞልቷል። ከኋላችን እንደ ካድሬ ካኪ ሳፋሪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ማኪያቶ ይዘው ያወራሉ። ልጅቷ ገና ከመቀመጧ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገችኝ። ፈገግ አልኩላት። ደግማ መታችኝ፤ አሁንስ ጠንከር አድርጋ። ፍቅር መሰለኝ።

«ከየዓይነቱ አምጪልን እህቴ» አልኳት አስተናጋጇን፣ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ። «ሚሊፎኒ፣ ኤክሌር፣ ብሪዮሽ፣ ያ ቀንድ የሚመስለውም አይቅር።»

«ለእኔ ሻይ ይበቃኛል» አሉ እናትየው።

«እኔም ሻይ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ።

«ኧረ እማማ፣ እንዴት ይሆናል! ይቅመሱ እንጂ!»

«አንተ ብላ ልጄ። እኔ አንተ ስትበላ ልይህ።»

እንዲህ ያለች አማት እግዚአብሔር ሰጠኝ ብዬ በሚሊፎኒው ጀመርኩ። ሚሊፎኒን በሹካ መብላት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከላይ ስትጫነው ክሬሙ በጎን ይወጣል፤ በጎን ስትይዘው ቅጠሉ ይፈረካከሳል። ስኳሩ ከረባቴ ላይ ዘነበ። እናትየው በትዕግሥት ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ይኼ ተነባብሮ ተነባብሮ የተሠራው ምን ይሉታል?» አሉኝ።

«ሚሊፎኒ ነው እማማ። የፈረንሳይ ነው።»

«መሀሉ ላይ ያለው ቢጫስ?»

«ክሬም ነው። ወተትና እንቁላል።»

«እንቁላል?»

«አዎ፣ ያውም አስኳሉን ብቻ!» አልኩ፣ እንዳይንቁት ብዬ።

«ቅጠሉስ በምን ቢሠሩት ነው እንዲህ የሳሳ?»

«እሱማ ቅቤ ነው! ሊጡን ያጥፉታል፣ ቅቤ፤ ደግሞ ያጥፉታል፣ ቅቤ...» እጄን እያጠፍኩ አሳየኋቸው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ደግሞ ሞልቶም ያመልጣል። እግሬ በጠረጴዛው ሥር እየተቀጠቀጠ ነው።

ኤክሌሩን አጋመስኩ። «እሱስ?» አሉኝ። ወተት ነው አልኩ። ቀንድ የሚመስለውን አነሳሁ። «እሱስ?» የበለጠ ወተት ነው አልኩ። እሳቸው ሻያቸውን ብቻ ፉት ይላሉ። ብሪዮሹ ላይ ስደርስ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ወደ እኔ ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

«ዛሬ ነነዌ ነው ልጄ። ንገረኝ እስቲ፣ ካድሬ ነህ ወይስ ጴንጤ?»

ብሪዮሹን ሳህኑ ላይ መለስኩት። እስላም እንዳልሆንኩ ከስሜ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን የክርስቲያን ስም ይዞ፣ በጾም ቀን፣ ሰው ፊት፣ እንቁላልና ቅቤ እየቆጠረ የሚበላ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር። አንዱ እግዚአብሔር የለም የሚለው ነው፤ ሌላው እኔ ነኝ። ጴንጤ ነኝ እንዳልል፣ ካኪ ለባሾቹ ከጀርባዬ አንድ ክንድ እንኳ አይርቁም፤ ልጅቷንም አጣታለሁ። ካድሬ ነኝ ብዬ እንዳልዋሽ፣ ምላሴ እሺ አይለኝም። ልጅቷን አየኋት። ፊቷ ደም አልነበረውም። እግሬንም መምታቱን ትታዋለች።

«ካድሬ አይደለሁም» አልኩ፣ ወደ ሳህኑ አቀርቅሬ።

እናትየው ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ይኼኔ ነጠላቸውን አስተካክለው ልጃቸውን «ተነሽ» ይሏታል፣ እኔም ነገ ፋብሪካው አጥር ሥር ብቻዬን እቆማለሁ ብዬ አሰብኩ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እውነቴን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ከረባቴ ላይ ስኳር አዝንቤ ላለቅስ ነበር።

«ተመስገን!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ካኪ ለባሾቹ ዞር አሉ።

«ሻዩ፣ ጥሩ ሻይ ነው፣ ተመስገን» አሉ እናትየው፣ ሲኒያቸውን ወደ ሰዎቹ ከፍ አድርገው። ሰዎቹ ወደ ማኪያቷቸው ተመለሱ። ከዚያ እኔን «በል ሳህኑን ጨርስ፣ እህል አይጣልም» አሉኝ። አራቱንም ጨረስኩ። ለመጨረሻው ግማሽ ኤክሌር ሆዴ ቦታ አልነበረውም፤ ግን ማን ደፍሮ ያተርፋል?

የእነሱም ቤት ጎፋ ነበርና አብረን ተመልሰን ከአውቶቡስ ስንወርድ ገና ብርሃን ነበር። ልጅቷ ሳሙና መጥቷል እንደሆን ልጠይቅ ብላ ወደ ቀበሌው ሱቅ ገባች። እኔና እናትየው መንገድ ዳር ቆምን።

«ቀኑን ስትነግረኝ ዝም ያልኩት አውቄ ነው» አሉኝ። «ማን እንደሆንክ በአፍህ እንደማትነግረኝ ገብቶኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ማን ይናገራል?»

«ይቅርታ እማማ።»

«ይቅርታህን ተወው። እሷ አልነገረችህም እንጂ ታላቅ ወንድም ነበራት። ካድሬዎች ሊወስዱት የመጡ ዕለት ስቅለት ነበር። ቤቱን ሲፈትሹ ዋሉና ራበን አሉኝ። እንቁላል ጥበሺልን አሉኝ፤ በስቅለት። ጠበስኩላቸው። ከበሉ ይተዉልኛል ብዬ፣ በቅቤ ጠበስኩላቸው። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ይዘውት ሄዱ። ይኸው ሰባት ዓመት፣ ሞቷል አይሉኝ፣ አለ አይሉኝ። ዛሬ አንተ እንቁላል ስትለኝ ከእነሱ እንዳትሆን ብዬ ነው የፈራሁት። ጴንጤነትህንማ እናቴ ማርያም ትፈርድበታለች፤ እሷ ታጋሽ ናት።»

ከሱቁ በኩል የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ ሳሙና የለም ተብላ ትከራከራለች። እናትየው ኮሌታዬን ይዘው ጎንበስ አደረጉኝና የተወሰደውን ወንድ ልጃቸውን ስም በጆሮዬ ነገሩኝ።

«እናንተ ስትጸልዩ ትጮኻላችሁ አሉ» አሉኝ። «እኔ ይኸው ሰባት ዓመት ቀስ ብዬ ለምኜ አልተሰማሁም። እስቲ አንተ ጮክ ብለህ ሞክርልኝ።»

እሺ አልኳቸው። ያኔ እኛም በር ዘግተን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ የምንጸልየው በሹክሹክታ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።