ሰላምታ የሚሰርዘው ቦት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። አባል ከነበርኩበት የቴሌግራም ቡድን የወጣሁት በዚያ ሰሞን ስለሆነ አልረሳውም። "ቴክኖሎጂ ሰውን ያቀራርባል" የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥርም ትዝ ይለኛል።

ቡድኑ በአምቦና በአካባቢዋ ያለን የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች የምንሰባሰብበት ነው። እኔ አሮጌ ሬዲዮ መፈታታት ስለምወድ ገባሁ። ውስጡ ያገኘኋቸው ሰዎች ግን የሚፈታቱት ነገር አልነበራቸውም። የትኛው ስልክ ይፈጥናል በሚል ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። ፈጣኑን ስልክ የሚገዙትም ፈጥነው ለመጨቃጨቅ ይመስለኛል።

የቡድኑ አስተዳዳሪ ራሱን "ኢንጂነር" ብሎ የሚጠራ የቢሮ ሠራተኛ ነው። የአካባቢያችን ሰላምታ መርዘሙ ስላበሳጨው፣ "አካም ጅርቱ" ወይም "እንዴት አደራችሁ" የሚል ያለበትን መልእክት ሁሉ እየለቀመ የሚሰርዝ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሠራ። ሦስት ጊዜ ሰላም ያለ ሰው ደግሞ ይባረራል። ድምፅ ሲሰጥበት የተቃወምኩት ብቻዬን ነበርኩ። ለሰላምታ ተቆርቁሬ አይደለም፤ አውራ ጣት የበዛለትን ነገር ስለማላምን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቤት አስቀምጦኝ ቡድኑን ሳይ፣ አንድ መልእክት ብቅ ብሎ ጠፋ። ቦቱ ከሥሩ "ጫልቱ፦ መልእክትዎ ሰላምታ ስላለበት ተሰርዟል" ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ፤ እሱም ጠፋ። ለማንበብ የደረስኩት ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ከብቶቻችን የጠየቀችውን ብቻ ነው።

"ሴትዮዋ ሠርግ ቤት የገባች መሰላት እንዴ?" አለ አንዱ።

"ቦቱ ዛሬ ወገቡ ተቆረጠ!" አለ ሌላው።

ኢንጂነሩ ደግሞ "ሕጉን አንብቡ!" ብሎ ጮኸ። ምን ቸግሯት ነው ያለ አልነበረም።

ስሟን ተጭኜ በግል ስልክ ቁጥሬን ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ደጋው ላይ ባለችው ጎጆ ከተማ የምትኖር፣ በድምፅዋ የእኔን ዕድሜ የምታህል ሴት ናት። ቦቱ የቆረጠውን ሰላምታ አንድም ሳታስቀር ከጨረሰች በኋላ ጉዳዩ ወጣ። በአምፖል የሚሞቅ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን አላት። እንቁላሎቹን የሰጧት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጫጩት አድርጋ ልትመልስላቸው። የሙቀት መቆጣጠሪያው ተቃጥሎ አምፖሎቹ ጠፍተዋል። የጎጆ ብርድ ደግሞ በሐምሌ ለሰውም አይራራም።

"ኦቦ፣ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ" አለችኝ። "ቅርፊቱን ሊሰብሩ ደርሰዋል። ቢሞቱብኝ ጎረቤቶቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"አዴ ጫልቱ፣ ታዲያ ሰላምታውን ትተው ይህንኑ ብቻ ለምን አልጻፉም?"

"ሰው ሰላም ሳልል እርዱኝ ልበል? ሌባ ነኝ እንዴ?"

የተሻለ ሐሳብ ያለው ቢኖር ብዬ ጥያቄዋን እኔው ሰላምታውን አውጥቼ ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት። ቦቱ በክብር አሳለፈው። መልስ ጎረፈ።

"ሞዴሉን ጻፍ።"

"ከቻይና እዘዝ፣ ቢበዛ በወሩ ይደርሳል።"

"ይሄ የግብርና ቡድን አይደለም!"

ከዚያ ስለ ቻይና ዕቃ ጥራት ጭቅጭቅ ተጀመረ። እኔ ወደ አዴ ጫልቱ ስልክ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ሶኬቱን አስነቀልኳት። ቀጥሎ የአምፖሎቹን ገመድ ከተቃጠለው መቆጣጠሪያ አስፈትቼ፣ በቀጥታ ከሶኬቱ ገመድ ጋር አስገናኝቼ በፕላስተር አስጠቀለልኳት። ሲሰካ ስትስቅ ሰማኋት። በርቷል።

"ከእንግዲህ መቆጣጠሪያው እርስዎ ነዎት" አልኳት። "ቴርሞሜትሩን እያዩ ሲሞቅ ይነቅላሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይሰካሉ።"

"ባለቤቴም አለ፤ በተራ እንጠብቃለን" አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ ላይ አንድ ፎቶ ብቅ አለ። ገና ላባቸው ያልደረቀ ጫጩቶች ካርቶን ውስጥ ተጣበው ይታያሉ። አዴ ጫልቱ ከሥሩ "አካም ጅርቱ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ጀምራለች። ቀሪውን ማንም አላነበበውም። ሦስተኛ ጥፋቷ ስለነበር ቦቱ ጫጩቶቹንም እሷንም አስወጣ።

"ሰላምታው ለማመስገን ነው፣ መልሳት" ብዬ ለአስተዳዳሪው ጻፍኩለት።

"ሕግ ሕግ ነው፤ ቦቱ አይሳሳትም" አለ ኢንጂነሩ። አውራ ጣቱ ተደረደረለት። እኔም ሕጉን አክብሬ፣ ሳልሰናበት ወጣሁ።

ቡድኑ አሁንም አለ፤ አባላቱም በዝተዋል ይሉኛል። ይብዙ። እርስ በርስ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች መብዛታቸው ምን እንደሚጠቅም ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድም ቀን አልናፈቁኝም።

አዴ ጫልቱ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ትጠይቅና "ላሞችዎስ እንዴት ናቸው?" ትላለች። የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ላም ኖሮኝ አያውቅም።

"ደህና ናቸው" እላታለሁ። "የእርስዎስ?"